ለስለት የተሸሸገ ሕመም

የዘጌ ጀልባ በነፋሱ ምክንያት ዘገየች። ባትዘገይ ኖሮ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከወለላ ጋር ባልተገናኙ ነበር።

ዘመኑ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ቦታውም የባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያ ነው። መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። ወለላ የጎረቤታቸው የአቶ ቢያዝን ልጅ ናት፤ ተምራ ነርስ ሆናለች፣ የዚያን ቀንም ለክትባት ሥራ ወደ ዘጌ መሻገሯ ነበር። ቀርባ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ የኔታ? ዳኘው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አሉ መሪጌታ።

ዳኘው አንድ ልጃቸው ነው፤ በሚሊሺያነት ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቶ ተመልሷል። ደህና ግን አልነበረም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

«ደህናስ አይደለም» አለች ወለላ በትሕትና። «ትናንት ዓይኑን በእጁ ጋርዶ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ጤና ጣቢያችን መጥቶ ነበር። የጉዳት አበል ይግባኙ ማክሰኞ ይሰማል። ከዘመቻው በፊትና በኋላ እንዴት እንደሆነ የሚመሰክርለት የቅርብ ሰው ይፈልጋል። ይህ ውድቅ ከሆነ ሌላ በር የለውም፤ ሚስትና ልጁን ይዞ ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። እርስዎ ግን አልመሰክርም ብለውታል አሉ።»

«አዎን ብያለሁ!» አሉ መሪጌታ። «ስሚኝ ልጄ። የዘመተ ዕለት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስዬ ነበር። አካሉን ሳታጎድል ብትመልስልኝ ጥላ አገባለሁ ብዬ። መለሰልኝ። ጥላውንም በሚያዝያው ክብረ በዓል በሕዝብ ፊት አስገባሁ፤ እልል ተባለ። አሁን ደግሞ ኮሚቴ ፊት ቆሜ ልጄ ጎዶሎ ነው ልበል? ሰማዕቱን ላሳጣ?»

ወለላ ፈገግ አለች። «ጥላውን መልሰው ይውሰዱ ያለዎት የለም እኮ የኔታ። ሰማዕቱ ልጅዎን ከሞት አወጣልዎ፤ እርስዎም አመሰገኑ። የዳነው ሰው ታሟል ቢሉ ምኑ ላይ ነው ክሕደቱ?»

«እጁ አለ፣ እግሩ አለ! ራስ ምታት ማንን የማይዘው አለ? እኔም ሲያመኝ ዳማ ከሴ ጨምቄ እጠጣለሁ፣ ይለቀኛል። ስንቱ እግሩን ጥሎ በመጣበት አገር፣ ለራስ ምታት አበል ይሰጠኝ ማለት አያሳፍርም?»

«የእርስዎን ራስ ምታት ዳማ ከሴ ያሽለዋል። ዳኘው ግን መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ከአፈር ውስጥ ተቆፍሮ ነው የወጣው። የተጎዳው ከራስ ቅሉ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ብርሃን ይወጋዋል፣ ድምፅ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ብድግ ሲል ያዞረዋል። የትኛው ቀን እንደሚጥለው ስለማያውቅ ማን ይቀጥረዋል?»

«ሐኪሞቹ አይተውት የለም እንዴ? ደህና ነው አሉ።»

«እነሱ ናቸው ደህና ነው ያሉት?»

ለምርመራ የቀረበ ዕለት መሪጌታ አብረውት ሄደው ነበር። ዳኘው ራሱን በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አስሮ ሲመጣ፣ «እንደ አራስ ሴት ራስህን አስረህ ሰው ፊት ልትቀርብ ነው? ፍታው!» ብለው አስፈቱት። ሐኪሙ ገና ምንህን ያምሃል ሲለው፣ አባት ተሽቀዳድመው፣ «በሰማዕቱ አማላጅነት ምንም አልነካውም፣ ሙሉ ነው!» አሉ። ልጁም አባቱን አየና አንገቱን ደፋ። ሐኪሙም አሰናበተው።

አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ጨዋነት ይባላል። በቤታችን ሰው ታሞ ተኝቶ ሳለ ለጠየቀን ሁሉ ደህና ነን እንላለን፤ ታማሚው ግን በእኛ ጨዋነት አይድንም።

«አንድ ነገር ልናገር፣ አይቀየሙኝ» አለች ወለላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጥላው የገባ ዕለት ዳኘው ከማኅበሩ መካከል ሮጦ ወጥቶ ቅጥሩ ሥር አስመለሰው። ሰው ሲጠይቅዎ ምን አሉ?»

መሪጌታ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። «ጠጥቶ ነው አልሁ።»

«ጠብታ አልቀመሰም። ከበሮው ነው ያሳመመው። ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካም ያስወጣው የማሽኑ ጩኸት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የቀረውም እርስዎ እንደሚያሙት ካድሬዎቹን ሰምቶ አይደለም። የኔታ፣ ልጄ ሰካራም ነው ለማለት ያላፈሩ ሰው፣ ልጄ ታሟል ለማለት አፈሩ?»

የመሪጌታ ፊት እሳት የነካው ያህል ጋለ። አፈሩ፤ ከልጅቱ ፊት መሸሸጊያ አጥተው አፈሩ።

«ከበሮውን የመታሁት እኔ ነበርሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ቆሞ እያየኝ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ አጠንክሬ መታሁት።»

ጀልባዋ መጣች። ወለላ ተሳፈረች፤ መሪጌታ ግን መንገዳቸውን ትተው ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ።

ማክሰኞ ዕለት ባለጉዳዩ ከኮሚቴው ደጅ በጠራራ ፀሐይ ተሰልፏል። ተራቸው ሳይደርስ ዳኘውን ሕመሙ ጣለው፤ ዓይኑን ጨፍኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ወዲያ ወዲህ አዩ። ከዚያም ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ላይ ይፈቱ ጀመር። ከቤተሰባቸው በቀር ራሳቸውን ገልጠው ያያቸው ሰው አልነበረም። ሰልፈኛው ሁሉ እያየ በራ ራሳቸው ወጣ።

«አባባ፣ ይተዉ፤ ሰው ያያል» አለ ዳኘው።

«ይየዋ!» አሉና ጥምጥሙን በግንባሩና በዓይኑ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። ስማቸው ሲጠራም ራሳቸውን እንደ ገለጡ እጁን ይዘው ገቡ።

«አባት፣ ልጅዎ እንዴት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

ደህና ነው የሚለው ቃል ከከንፈራቸው ደርሶ ነበር። ዋጡት።

«አሞታል» አሉ። «ፊት ደህና ነው ያልሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የዋሸሁት።» የቀረውንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

ዳኘው እንደ ገና ተመረመረ፤ አበሉም ተፈቀደለት። ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በወቅቱ ይወስዳል፣ ሲጀምረው ከጨለማ ክፍል ተኝቶ ያሳልፋል፣ ሚስቱም ለልጅዋ ራት የሰው ደጅ አትጠናም። እውነቱ ቀድሞ ተነግሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ከዓመት በፊት በሆነ ነበር።

በሚያዝያው ክብረ በዓል መሪጌታ ከበሮው ሳይነሣ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አምና ልጄ ጠጥቶ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። ልጄ ከጦር ሜዳ ታሞ ነው የመጣ፤ ያሳፈርሁትም እኔ ነኝ። ይህንንም ያስተዋለችልኝ ነርሷ የቢያዝን ልጅ ናት።»

እልል ያለ የለም። በኋላ ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ አደይ፣ የአንድ ዘማች እናት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደ ያዙ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የኔም ልጅ እንዲሁ ነው የኔታ። ያቺ የቢያዝን ልጅ የምትገኘው ወዴት ነው?»