ሟቹን የመሰልኩ ዕለት

ወረታ ተቀይሬ በመጣሁ ሰሞን፣ በካርታ ላይ ስለሌለ የአውሮፓ መንግሥት የሚተርክ ልቦለድ ይዤ ነበር። አንድ መንገደኛ ንጉሡን ቁርጥ ስለሚመስል በዙፋኑ ይቀመጣል። «እንዲህ ያለ መመሳሰል ከመጽሐፍ ውጭ የት አለ?» ብዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ከባልደረቦቼ ጋር ወደ አንድ የፎገራ መንደር ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ልቅሶው ድንገት ቆመ። የሟቹ እናት ተነሥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ። ከኋላቸው ባለው የሟቹ ፎቶ ላይ የማየው ፊት የእኔው ነበር፤ የቅንድቤ ጠባሳ እንኳ አልቀረም።

«ምነው ልጄ፣ ቆየህብኝ?» አሉኝ።

«እንግዳ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «መንገዱ ጭቃ ሆኖብኝ ነው፣ እማየ» የሚል ነበር። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መሄጃችን ሲደርስ ባልደረቦቼ ከደጅ ሆነው ስሜን ጠሩ። ማንን እንደሚጠሩ ቶሎ አልገባኝም።