በኦያንታይታምቦ ተራራና በሬኒየር ቢች ወንድሜ ያደረገው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሄዋን ሃብተስላሴ ኪዳነ ወልድ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የአረጋውያን የቤት ለቤት ተንከባካቢ
አድራሻ፦ ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ጁላይ 9 ቀን 2025፣ ጠዋት
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ፖሊስ ሳሮን ተክለ ጻድቅ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ የምሰጠው ቃል ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል፣ በራሴም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ከፈለግኩ ጠበቃ እስኪመጣልኝ ድረስ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ በመርማሪዋ ተነግሮኝ፣ ጠበቃ ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ተጠርጣሪው ሙሉአለም ሃብተስላሴ በእናትም በአባትም ታላቅ ወንድሜ ነው። የሊሙዚን ሹፌር ሲሆን የሚኖረው ስካይዌይ ነው። ተበዳይዋ ሰምሃል ፍቅረ ሥላሴ ባለቤቱ ናት። በጥርስ ሐኪም ረዳትነት ትሠራለች። ወላጆቿ ከአስመራ የመጡ ሲሆኑ እሷ ግን እንደ እኛው አዲስ አበባ ነው ያደገችው። ልጅ የላቸውም። አባታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ ሙሉአለም ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ አሜሪካም ያስመጣኝ እሱ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሲሞትበት፣ ሰው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ሰምሃልን ሲመታት ከዚህ ጉዞ በፊት በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም።

ባለፈው ሜይ ወር ሰምሃል ኮል አድርጋ ለዕረፍት ወደ ፔሩ እንደሚሄዱና አብሬያቸው እንድሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የኢንካዎቹን የተራራ ከተሞች ለማየት ከድሮ ጀምሮ ትመኝ እንደነበር አውቃለሁ። "የባልና ሚስት ጉዞ ላይ እኔ መሃል ገብቼ ምን እሠራለሁ?" ስላት፣ "ሄዊዬ፣ አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም" አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ጁን ወር ላይ አብረን ሄድን።

ከኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ተራራውን ተሻግረን፣ ሸለቆውን ይዘን፣ ወደ ማታ ላይ ኦያንታይታምቦ ገባን። በአንዲስ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኢንካዎቹ የሠሯቸው ጠባብ የድንጋይ መንገዶች እስከ አሁን አሉ፤ በየመንገዱ ዳር ውሃ በቦይ ይወርዳል፤ ሰዎቹም በዚያው በጥንቱ ግንብ ውስጥ ይኖራሉ። በአንድ በኩል እርከን በእርከን ሆኖ የተሠራ ትልቅ ምሽግ አለ፤ በትይዩው ያለው ተራራ ላይ ደግሞ የኢንካዎቹ የእህል ጎተራዎች አሉ። የሆቴሉ ባለቤት ዳገቱ ትንፋሽ ስላላሳጠረን ተገርሞ ሲጠይቀን፣ ሙሉአለም እየሳቀ "እንጦጦ ሥር ነው ያደግነው በይው" አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ሦስታችንም ደስ ብሎን እራት በላን።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎተራዎቹ ተራራ ወጣን። ኢንካዎቹ እህሉ እንዳይበላሽባቸው ጎተራዎቹን የሠሩት ነፋስ በሚበዛበት ቁልቁለት ላይ ነው። ዛሬ ጣሪያ የላቸውም፤ ግድግዳቸው ብቻ ቆሟል። መንገዱ ከዐለቱ ላይ የተጠረበ ጠባብ ደረጃ ሲሆን በገደሉ በኩል ምንም መደገፊያ የለውም። ላይ ደርሰን በአንደኛው ጎተራ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከታች የከተማዋ ጣሪያ በሙሉ ይታይ ነበር። ሰምሃል ከገበያ የገዛችውን የተቀቀለ በቆሎ ለሁላችንም አካፈለችን። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ሳትበላ መሬት ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

"ሙሌ፣ ስንመለስ ቤት አልገባም። ፌደራል ዌይ አፓርታማ ይዣለሁ።"

ሙሉአለም መጀመሪያ ፈገግ አለ። "ምን ማለት ነው?" አላት።

"ልለይህ ነው። በቃኝ።"

ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ታውቂያለሽ?" አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። እውነቴን ነበር። "ኦኬ። ሶ አንቺ ውረጂ፤ ታች ጠብቂን። ይሄ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው" አለኝ። ሰምሃል እጅጌዬን ይዛ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ "አትሂጂ" አለችኝ። ስለዚህ ደረጃውን ሳልወርድ ከጎተራው ግድግዳ ማዶ ዞሬ ቆምኩ።

ብዙም ሳልቆይ አንድ ነገር ከድንጋይ ጋር ሲላተም ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም። ዞሬ ስመለስ ሙሉአለም ሰምሃልን ከማጅራቷ ፀጉሯን ጨብጦ ፊቷን ከግድግዳው ጋር ያጋጫት ነበር። ሁለት ጊዜ ሲያጋጫት አይቻለሁ። ከአፍንጫዋና ከቅንድቧ ደም ይፈስ ነበር። "ሙሌ!" ብዬ ስጮህ ለቀቃት፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ለመቆም ስትሞክር ግን በእግሩ ወገቧ ላይ መታት። ሰምሃል ከጎተራው ፊት ካለው እርከን ወደ ታችኛው እርከን ወደቀች። ከፍታው ከአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል። የወደቀችው በግራ ክንዷ ላይ ሲሆን አጥንቱ ሲሰበር ከላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

እኔ ወንድሜ የደነገጠ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተከትሏት ወረደ። ከግድግዳው የወደቀ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሣ። ሰምሃል በሆዷ እየተሳበች ወደ ደረጃው ለመድረስ ትሞክር ነበር። እኔም ዘልዬ ወርጄ ክንዱ ላይ ተጠመጠምኩ። በክርኑ አፌን ሲመታኝ አንድ ጥርሴ ተሰበረ፤ ነገር ግን አልለቀቅኩትም። ድንጋዩ ከእጁ አምልጦ ቁልቁል ሲንከባለል፣ ከሥር ይወጡ የነበሩ ሁለት ወጣት ቱሪስቶች እየጮሁ ሮጠው መጡና ያዙት። ወንድሜ በአማርኛ "ተንሸራታ ነው የወደቀችው። ገብቶሻል ሄዋን? ተንሸራታ ነው" እያለ ይደጋግምልኝ ነበር።

የአካባቢው ሰዎች ሰምሃልን በብርድ ልብስ አድርገው አወረዷት። በሕክምና ጣቢያው እንግሊዝኛ የምትችል ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ፖሊስም መጣ። እኔ ያየሁትን በሙሉ ነገርኳቸው። ሰምሃል ግን "አንሸራቶኝ ነው" አለች። ፖሊሱ ሲወጣ ለምን እንዲህ እንዳለች ጠየቅኳት። ከንፈሯ አብጦ መናገር ይከብዳት ነበር።

"ክሱ ሳያልቅ እዚህ አገር መቅረት አልፈልግም። ቤቴ ልግባ ብቻ" አለችኝ። ቀጥላም "አንቺ ፊት እጁን አያነሣም ብዬ ነበር ይዤሽ የመጣሁት። አንቺን ያፍራል ብዬ" አለች። ቤት ውስጥ ይመታት እንደነበረም ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ፖሊሶቹ ሙሉአለምን ለቀቁት፤ እሱም ቀድሞን ወደ ሲያትል በረረ። እኛ ሰምሃል መቀመጥ ስትችል ተመለስን። የተከራየችው ቤት ገና ስላልተለቀቀላት እኔ ጋር አረፈች። ፍርድ ቤት ቀርባም እንዳይቀርባት ጊዜያዊ ትእዛዝ አወጣችበት። ትእዛዙ ከደረሰው በኋላ ሙሉአለም ወደ እኔ ስልክ ደውሎ "ሚስቴን ቤትሽ ደብቀሽ እህትህ ነኝ ትያለሽ?" አለኝ። ወደ ቤቴ እንዳይመጣ ለመንኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ትናንት ማክሰኞ ጁላይ 8 ቀን ፌደራል ዌይ ከምንከባከባቸው አረጋዊት ቤት ከምሳ በኋላ ወጥቼ በአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ ነዳሁ። ሕንፃችን ጋ ስደርስ የወንድሜን ጥቁር መኪና አየሁ። ፓርክ ያደረገው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲሆን የሹፌሩ በር እንደተከፈተ ነበር። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሮጥኩ። የቤቴ በር መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ የሰምሃል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቃል አልነበረም።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አንሥቼ ገባሁ። ሰምሃል ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በማቀዝቀዣውና በግድግዳው መካከል ተወሽቃ በጀሶ የታሰረውን ክንዷን ራሷ ላይ ጋርዳለች። ሙሉአለም በላይዋ ቆሞ በመኪና ጎማ መፍቻ ብረት ይደበድባት ነበር። ጀሶው ተሰባብሮ ወለሉ ላይ ተበትኗል። አገጯ ከቦታው ተናግቶ ነበር። ስሙን ጠራሁት። ዞሮ አየኝና "ቆይ፣ አንቺም አለሽበት" አለኝ። መልሶ ወደ እሷ ሲዞርና ብረቱን ሲያነሣ ማጥፊያውን ፊቱ ላይ ለቀቅኩበት። ዱቄቱ ቤቱን ሞላው። ዓይኑ ሳያይ ብረቱን ወደ እኔ ሲያወናጭፍ ትከሻዬን መታኝ። እኔም በማጥፊያው ሲሊንደር ራሱን መታሁት። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ብረቱም ከእጁ ወደቀ።

ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር በጥንቃቄ እንድናገር መርማሪዋ አስጠንቅቃኛለች። የምናገረው ይህ ነው። ብረቱ መውደቁን አይቻለሁ። ወንድሜ ባዶ እጁን ነበር። አንድ እጁን ወለሉ ላይ አድርጎ ሌላውን እጁን ሰምሃል ወዳለችበት ዘረጋ፤ ብረቱን ሊፈልግ ይሁን እሷን ሊይዝ፣ ወይም ለመነሣት ይሁን አላወቅኩም። እስካውቅም አልጠበቅኩም። በድጋሚ ራሱ ላይ መታሁት። ተደፋ።

ከታች የሚኖሩት ጋሽ ሊበን ጩኸቱን ሰምተው ለፖሊስ ደውለው ኖሮ እየሮጡ ወጡ። ሙሉአለም መነቃነቅ ሲጀምር እሳቸው እግሩን ያዙ፤ እኔ ጀርባው ላይ ተቀመጥኩ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከሥሬ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። በልጅነቴ ታምሜ ጤና ጣቢያ አዝሎ የወሰደኝ በዚያ ጀርባ ነው። ይህንን ለማስተዛዘን አይደለም የምናገረው፤ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ስለተጠየቅኩ ነው። ሰምሃል በአንድ እጇ ወለሉን እየዳሰሰች መጥታ የሱሪዬን ጫፍ ያዘች፤ አምቡላንሱ ደርሶ እስኪያነሧት አልለቀቀችውም።

ሰምሃል ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሐኪሞቹ እንደምትተርፍ፣ የግራ ጆሮዋ ግን ላይሰማ እንደሚችል ነግረውኛል። ወንድሜ ራስ ቅሉ ተሰንጥቆ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሆስፒታል ተኝቷል፤ መንቃቱን ዛሬ ከመርማሪዋ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እናታችን ወይዘሮ እናኑ ከአዲስ አበባ ደውለው ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል። "ሚስቱ ናት የመታችው በይ" አሉኝ። "እሷ ተጎድታለች፤ ራሷን ስታድን ነው ብለው ይተዋታል። አንቺም አትታሰሪም፤ እሱንም እህቱ ልትገድለው ነበር አይባልም። ልጄ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን አትውሰጂብኝ።"

"እማዬ፣ እሷ አንዴም አልመታችውም። አንዴም" አልኳቸው።

"ቢሆንስ?" አሉኝ። ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሊበንም ትናንት ማታ "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት በይ፤ እኔ እንደሆንኩ ስደርስ አልቆ ነበር፣ የማውቀው የለም" ብለውኛል። ለእኔ አስበው ነው፤ አልቀየምኳቸውም።

ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ ቀስ ተብሎ ተነቦልኛል። በንባቡ ላይ "ተጠርጣሪው በትግሉ መካከል ራሱን ተመትቶ ወደቀ" የሚል ዐረፍተ ነገር ስለሰማሁ እንዲሰረዝ ጠይቄአለሁ። መርማሪዋ የሁለተኛው ምት ጉዳይ ሊያስከስሰኝ እንደሚችል በድጋሚ አስረዳችኝ፤ ገብቶኛል አልኩ። በእኔ ጥያቄ ዐረፍተ ነገሩ ተሰርዞ ከላይ ባለው ተተክቷል። የተጻፈው በዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ እጄም ያደረግኩት ነው። ወንድሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦም ብጠየቅ ይህንኑ እናገራለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሄዋን ሃብተስላሴ
የተሰረዘውን ቦታ ለማጽደቅ በድጋሚ የፈረመችው፦ ሄዋን ሃብተስላሴ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ሳሮን ተክለ ጻድቅ