የጉሙ ልጅ የት ገባ?

ደሴ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከአንድ ክፍል በማትበልጥ ፀጉር ቤት ውስጥ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ኤፍራታ ከጉም ስለተሠራ ልዑልና ስለሚወዳት ተማሪ ስለ ትንቢት በደብተር የጻፈችውን ልብወለድ የመጨረሻ ምዕራፍ ጮክ ብላ አንብባ መጨረሷ ነው፤ ሹሩባ ሠሪዋ ትርንጎ ደግሞ የልጅቷን ጭንቅላት ግማሹን ሠርታ፣ ግማሹን እንደተበተነ ትታ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ ምስኪን ኤፍራታ በዚህ መልኳ የትም መሄድ አትችልም።

ትርንጎ፦ አልሠራም አልኩሽ፣ አልሠራም።

ኤፍራታ፦ ትርንጎዬ፣ በእናትሽ! ስምንት ሰዓት ላይ የንባብ ክበቡ አዳራሽ ውስጥ መቆም አለብኝ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው የሚሰማኝ።

ትርንጎ፦ ቁሚያ። ማን ያዘሽ?

ኤፍራታ፦ በግማሽ ጭንቅላት?

ትርንጎ፦ አንቺስ ታሪኩን በግማሽ አይደል የተውሽው? ተመሳሰላችሁ።

ኤፍራታ፦ አልተውኩትም፣ አልቋል። «ፀሐይ ወጣች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ተገፈፈ። ልዑል ካፊያ ቆሞበት የነበረው ድንጋይ ላይ ማንም አልነበረም።» በቃ። አራት ነጥብ።

ትርንጎ፦ እና የት ገባ?

ኤፍራታ፦ እሱን አንባቢው ያስበው። መምህራችን እንዲህ ያለ መጨረሻ ዘመናዊ ነው ብለዋል።

ትርንጎ፦ መምህራችሁ ሚስት አላቸው?

ኤፍራታ፦ አዎ፣ አላቸው።

ትርንጎ፦ ታዲያ እሳቸው ምን ቸገራቸው! የሚጠብቁት ሰው የለ። ስሚኝ፣ ውላችን ሹሩባ በምዕራፍ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ ሠርቼሻለሁ።

ኤፍራታ፦ ሃያኛውንም አነበብኩልሽ እኮ!

ትርንጎ፦ ይሄ ምዕራፍ አይደለም፣ ማምለጥ ነው። ልጁን ጉም ውስጥ ወሽቀሽ ሮጥሽ።

ኤፍራታ፦ እሺ፣ ሻርፔን ስጪኝ። ተከናንቤ እሄዳለሁ።

ትርንጎ፦ ሻርፕሽ ውኃ ውስጥ ነው። ቅባት ነክቶት ነበር፣ ነከርኩልሽ።

ኤፍራታ፦ ሆን ብለሽ ነው!

ትርንጎ፦ ምዕራፍ አሥራ ስምንት ላይ ነው የጠረጠርኩሽ። «ካፊያ ከወትሮው ሳሳ» ስትዪ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ልታደርገኝ ነው አልኩ።

ኤፍራታ፦ ኧረ በማርያም! ፈርጄበት አይደለም እኮ።

ትርንጎ፦ አንቺው ነሽ ያስለመድሽኝ። ባቀፋት ቁጥር የትንቢት ዩኒፎርም ሲበሰብስ፣ እናቷ «ዝናብ ሳይኖር የት በስብሰሽ መጣሽ?» ብላ ስታፋጥጣት፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ የሰው ጆሮ በሚዶ ወግቻለሁ።

ኤፍራታ፦ የፊዚክስ ፈተናውስ?

ትርንጎ፦ እሱንማ አታንሺብኝ! ዞር ብላ ስታየው አፍሮ፣ በጆሮው ጉም ለቆ፣ ክፍሉ ሁሉ ተኮራርጆ መቶ ሲያገኝ! እሱ ብቻ ወደቀ፣ ምስኪን።

ኤፍራታ፦ ደስ ይላል አይደል?

ትርንጎ፦ ደስ ይላል እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የተናደድኩት። ንገሪኝ፣ የት ገባ?

ኤፍራታ፦ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ይመለስ ይሆናል።

ትርንጎ፦ ይሆናል? አንቺም አታውቂም?

ኤፍራታ፦ አላውቅም! ስምንት ጊዜ ጽፌ ስምንት ጊዜ ሰርዣለሁ። ሲመለስ ውሸት ይመስለኛል። ልግደለው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ጉም ነው እኮ ትርንጎዬ፣ በየት በኩል ልያዘው? ጨነቀኝና እዚያው ተውኩት።

ትርንጎ፦ እሱን ተዪው እሺ። ልጅቷን ንገሪኝ። ትንቢት ነገ ጠዋት ተነሥታ ምን ታደርጋለች?

ኤፍራታ፦ ድንጋዩ ጋ ሄዳ ትጠብቀዋለቻ።

ትርንጎ፦ ከነገ ወዲያስ?

ኤፍራታ፦ ትጠብቀዋለች።

ትርንጎ፦ እስከ መቼ?

ኤፍራታ፦ እስከ... አላሰብኩበትም።

ትርንጎ፦ አስቢበታ! ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ዘሎ አፏ ውስጥ ይገባል። ሰው «አግቢ እንጂ» ሲላት «ቀለበት አለብኝ» ትላለች። ቀለበቱን እንዳታወልቀው ሟርት ይመስላታል፣ እንዳታደርገው ጣቷን ያቃጥላታል...

ኤፍራታ፦ ትርንጎ፣ ካፊያ ለትንቢት ቀለበት አላሰረላትም።

ትርንጎ፦ አላሰረላትም?

ኤፍራታ፦ ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ ሊያስርላት ሲል ጣቶቹ ጉም ሆኑበትና ቀለበቱ ቦይ ውስጥ ወደቀ። አንቺው ነሽ «የኔ ቢጤ ዕድለ ቢስ» ብለሽ የሳቅሽው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ተምታቶብኝ ነው። ቀና በይ።

ኤፍራታ፦ ስለ እጮኛሽ ስለ ይመር ነው የምታወሪው?

ትርንጎ፦ እጅሽን ከፀጉርሽ ላይ አንሺ፣ ታበላሺዋለሽ።

ኤፍራታ፦ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።

ትርንጎ፦ ምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ፣ ነገ ጀልባ አለ ብሎ ደወለ። ማክሰኞ ነበር። አራት ዓመት ሆነው።

ኤፍራታ፦ ከዚያስ?

ትርንጎ፦ ከዚያማ ጉሙ ተገፈፈ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። አንቺ ራስሽ እንዳነበብሽው።

ኤፍራታ፦ ውይ፣ ትርንጎዬ!

ትርንጎ፦ እናቱ ድንኳን አልጣለችም። ምን ብላ ትጣል? ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። እኔ ልቅሶ አልተቀመጥኩ፣ ጥቁር አልለበስኩ፤ የሰው ሙሽራ ሳስጌጥ እውላለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይለኛል። አይዞሽ ያለኝን ሰው በዚህ ሚዶ ብወጋው ደስታዬ ነው።

ኤፍራታ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ የክፍል ልጆችን ላስቅ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ትርንጎ፦ አሳቅሽኝ እኮ! በአራት ዓመት ውስጥ የሳቅኩት ባንቺ ቅዳሜዎች ብቻ ነው። አታልቅሺ፣ ደብተሩ ይርሳል።

ኤፍራታ፦ በቃ፣ እመልሰዋለሁ። አሁኑኑ! እስክሪብቶ ስጪኝ። ትንቢት ተስፋ ቆርጣ ዞር ስትል ከኋላዋ ያስነጥሳል። ታቅፈዋለች፣ እስከ ካልሲዋ ትበሰብሳለች፣ እናቷ ደግሞ...

ትርንጎ፦ አታምጪው።

ኤፍራታ፦ እንዴ! ይምጣ ብለሽ አይደል ፀጉሬን በትነሽ ያሰርሽኝ?

ትርንጎ፦ የት ገባ ነው ያልኩሽ። ይምጣ ከአፌ አልወጣም። እሱ ከመጣ እኔም ከነገ ጀምሮ እንደገና በር በር ማየት ልጀምር ነው።

ኤፍራታ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ባመጣው አንቺን እጎዳለሁ፣ ብተወው ይኸው አየሁሽ፣ ልገድለው ደግሞ አቅም የለኝም። ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ትርንጎ! ማንም ሞቶብኝ አያውቅም። ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል እንኳ አላውቅም።

ትርንጎ፦ እነግርሻለሁ። ይኸው፣ እኔም መሥራት ጀመርኩልሽ። አንገትሽን አትነቅንቂ። እስክሪብቶውን ያዢ።

ኤፍራታ፦ ያዝኩ።

ትርንጎ፦ ዓይኔ ደብተርሽ ላይ ነው፣ ሹሩባሽ ቢጣመም አትፍረጂብኝ። በይ ጻፊ።

ኤፍራታ፦ ምን ብዬ?

ትርንጎ፦ ሞተ በይ። አራት ዓመት ሙሉ መርዶ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ፤ አንቺ ጻፊውና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ ንገሪኝ፣ እኔም መጥቼ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጥና እንደ ሰው አለቅሳለሁ።