አሥራ ሁለቱ አሮጌ ብሎኖች

ሕይወትህን በአንድ ሰው የአውራ ጣት ጥፍር ላይ ታንጠለጥላለህ? «አላበድኩም» ትል ይሆናል። እኔ ግን አንጠልጥለሃል እልሃለሁ! የምትሳፈርበት መኪና ሞተሩ ሲታደስ ማን፣ በምን እንደለካው አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃል?

ሹፌሩም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳው የጭነት መኪና ሞተር ወርዶ፣ ሆድ ዕቃው በጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ «ኳ፣ ኳ» ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል። ያ ድምፅ ምሳ ሲበላም ፊቱን ሲታጠብም ይሰማዋል። ከነገ ወዲያ ደግሞ በዚያው ቁልቁለት የሴት ልጁን ዕቃ ጭኖ፣ እሷን ከነጨቅላዋ ጋቢና አስቀምጦ ሊወርድ ቃል ገብቷል።

መካኒኩን ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል፤ የመፍቻ እጀታ ሞተር ላይ ደግፎ ሲያዳምጥ የማያውቀው በሽታ የለም ስለሚባል። ጆሮ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዋና ዘንግ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰ። ጥፍሩ ካልተደናቀፈ ብረቱ ጤነኛ ነው ባይ ነው።

«ምንም የለውም» አለ። «የፒስተኖቹን ፋሻና ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ብሮንዝ ቀይሬ እገጥመዋለሁ፤ ነገ ትወስዳለህ።»

በዚህ መካከል የሹፌሩ የወንድም ልጅ ገባች። የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሳ ከመንገዱ ማዶ፣ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ትሠራለች። የሌላ ደንበኛ ዕቃ ልታደርስ መጥታ ነበር፤ አጎቷን ስታይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ምነው ፊትዎ ዐመድ መሰለ?»

«ሞተሩ ነዋ፣ ልጄ።»

ዐይኗ ጣሳ ውስጥ፣ ናፍጣ ላይ የተዘፈዘፉት ብሎኖች ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ እነዚህ የሚጣሉ ናቸው?» አለችው መካኒኩን።

«የምን መጣል! የፒስተኖቹን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያስሩት እነሱ ናቸው። አጥቤ እመልሳቸዋለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል እኮ፣ ጋሼ።»

«ማስቲካ ነው እንዴ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ!» ብሎ ጆሮ ሳቀ። ሹፌሩም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

በዚህ ተረት ስንት አፍ ዘጋን! እውነት የተናጋሪዋን ዕድሜ ትጠይቃለችን?

«እኔስ የፈራሁት ይበልጥ መክፈቱን ነው» አለ ሹፌሩ። «አንዱን ስትነኪ ሌላው ይመጣል። መጨረሻው የት ነው?»

«መጨረሻው መለኪያው ‹ይበቃል› ያለበት ነው፣ አጎቴ። ሁሉም ይለካ እንጂ ሁሉም ይቀየር አላልኩም።»

ከሽርጧ ኪስ መለኪያዋን አውጥታ አንድ በአንድ መለካት ያዘች። «ፒስተኖቹ ገና ደህና ናቸው፤ አይነኩ። ዘንጉ ግን እዚህ ጋ ሞላላ ሆኗል። ጥፍር ጭረት ያገኛል፤ ሞላላውን አያገኝም። የሚያንኳኳው ይኼው ነው።»

«ብሎኖቹንስ?» አለ ጆሮ ድምፁ ሻክሮ።

«እነሱን በእርስዎ ጥፍር እንለካቸው።»

ጠራርጋ በመስተዋት ቁራጭ ላይ ደረደረቻቸው። አሥሩ እኩል ቆሙ፤ ሁለቱ ከጓዶቻቸው በልጠው ብቅ አሉ። ከሁለቱ አንዱን ሰጠችው። ጆሮ ጥፍሩን ከላይ ወደ ታች አንሸራተተ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ጥፍሩ ተደናቀፈ። ደገመው። አሁንም ተደናቀፈ። ብረቱ እንደ ተጎተተ ሊጥ ቀጥኗል።

«ይኼ መንገድ ላይ ቢበጠስስ?» አለ ሹፌሩ።

«ክንዱ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። ሞተሩ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ማርሹም አይዝልዎትም፤ ፍሬኑ የሚሠራባትን፣ ሞተሩ ያጠራቀማትን አየር እስኪጨርስ ነው እንግዲህ…»

«በቃ!» አለ ሹፌሩ። የጨቅላዋ ፊት መጥቶበት ነበር። «ልጄ ከነዕቃዋ ሳምንት ትጠብቅ። ዘንጉን ወስደሽ አስተካክይው። አዲስ ብሎን ሳይገባ መኪናዬ ከዚህ አይወጣም።»

«ሳምንት ይዘገያሉ፤ ግን ያንን ቁልቁለት ድምፅ ሳያዳምጡ ይወርዱታል» አለች የወንድሙ ልጅ።

ጆሮ ግን ጎማ ላይ ተቀምጦ የቀጠነውን ብሎን በእጁ ያገላብጥ ነበር።

«ሦስት ዓመቱ ነው» አለ። «ከነመኪናው ገደል የገባው ሰውዬ… ‹አንቀላፍቶ ነው› ብለን ቀበርነው። ሞተሩ ጎኑ ተበስቶ ነበር። ዐይቼው ዝም አልኩ። አሮጌ ብሎን አጥቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ተነሥቶ ብሎኖቹን ጣሳው ውስጥ አፍሶ፣ ጋራዦቹ ሁሉ ወደሚጋሩት ግቢ ወጣና ሲሚንቶው ላይ ዘረገፋቸው። መካኒኮቹ ከየመኪናው ሥር አንገታቸውን አወጡ።

«የዚያ ገደል የገባው ሰውዬ ሚስት ዛሬም የእንቅልፋሙ ሚስት ትባላለች!» ብሎ ጮኸ። «ነገ ደጇ ሄጄ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ‹የገደለው የእኔ ብሎን ነው› እላለሁ። እናንተስ? አሮጌ ብሎን አጥቦ የመለሰ እዚህ ማነው? ለስንት መኪና? ወደ ጆሮዬ አታንሾካሹኩ፤ በሰው ፊት፣ ጮክ ብላችሁ መልሱ!»