ስም የሌለው ሂስ

— ሄሎ… አቤት… ማን ልበል?… ኢተፋ! አካም ጂርታ ልጄ። ድምፅህ ይቆራረጣል፣ የት ሆነህ ነው?… ሞጆ? አሃ፣ ሥራ ላይ ነህ። የጭነት መኪናው ሁሉ በጆሮዬ ነው የሚያልፈው። እስቲ ወደ ውስጥ ገባ በል… እ፣ አሁን ይሻላል።

— ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያው ከስፌት መኪናዬ ጋር ተፋጥጫለሁ። ለተውኔቱ ሁለት ካባ ይቀረኛል፣ መድረክ ልንወጣ ደግሞ የቀረን አሥር ቀን ነው።

— ምን አልክ?… አዎ፣ የፌስቡክ ግሩፓችን ላይ ስለ ዱሬቲ የወጣው ጽሑፍ። አጥፍቼዋለሁ። ትናንት ጠዋት… እሱማ ልክ ነህ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቆይቷል። ሰው ስክሪንሾት እያደረገ ተቀባብሎታል። እኔ የማጠፋው ከግሩፑ ላይ ነው፣ ከሰው ስልክ ላይ አላጠፋ።

— ማን ጻፈው አልክ?… አንድ ጊዜ ጠብቀኝ ኢተፋ። ዱሬቲ፣ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጪው ልጄ፣ ጫፉ መሬት እንዳይነካ። እስቲ ደግሞ እነ ሰብሪና ሱቅ ድረስ ሂጂና ጥቁር ክር አምጪልኝ፣ ወፍራሙን… አዎ፣ ከመስጊዱ ማዶ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ አልቸኩልም።

— ሄሎ፣ አለህ?… አዎ፣ ራሷ ናት። ቀሚሱን ልትመልስ ነው የመጣችው። አጣጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ለምትተካኝ ልጅ አስጠብቢላት» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

— ቆይ፣ ማን እንደጻፈው እንደርስበታለን። መጀመሪያ የኔን ጥፋት ልንገርህ… የለም፣ አለኝ ጥፋት። እኛ በቀበሌ ኪነት ዘመን ልምምድ ሲያልቅ ልብሳችንን ሳናወልቅ መድረኩ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ። እኔ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ፊት ቆሜ «እርስዎ ዛሬ ቃልዎን ረስተዋል» እል ነበር። ይከብዳል፤ ግን የሚባለው ፊት ለፊት ነው፣ የተባለውም እዚያው ይመልሳል። እናንተ መጣችሁና «ፊት ለፊት ያስፈራል፣ ሂሱ ግሩፑ ላይ ይሁን፣ ስም ሳይጠቀስ» አላችሁኝ። እኔም ዘመኑ ነው ብዬ እሺ አልኩ። አድሚንም አደረጋችሁኝ።

— እና ያን ቀን መርፌ በጥርሴ ይዤ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ስልኬ ጮኸ። ስም የሌለው ሂስ መጥቷል። ከላይ ያሉትን መስመሮች አየሁ፤ ስለ መብራቱ ነው፣ ስለ ሁለተኛው ገቢር መንዛዛት ነው። እውነት ነው፣ ይንዛዛል። ጎበዝ ሂስ ነው ብዬ «ይለፍ» የሚለውን በአውራ ጣቴ ነካሁት፣ ወጣ። ታች ድረስ አልከፈትኩትም። ታች ላይ ደግሞ ያ አለ። ዱሬቲ ዋናውን ቦታ ያገኘችው ልምምድ ካለቀ በኋላ ከአዘጋጁ ከዱጋሳ ጋር አዳራሽ እየቀረች ነው፣ ይላል።

— አታጽናናኝ። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ጥፋቴን በስሜና በፎቶዬ ጽፌ ለጥፌዋለሁ… አላየኸውም? እየው እንግዲህ።

— ምን ደረሰባት? ምን ያልደረሰባት አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት እንደምትሠራ ታውቃለህ። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ አንዷ ስልኳን ይዛ ጮክ ብላ አነበበችው። ዱሬቲ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ከዚያ ወሬው ጤፍ ተራ አባቷ ጋ ደረሰ። ኦቦ ኦሊቃን አላየሃቸውም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አልመቷትም፣ አልጮኹባትም። «ልጄ፣ አንቺን አምናለሁ። ግን መድረክ ላይ ስትቆሚ የሚያይሽ ሰው ሁሉ ያንን እያሰበ ነው የሚያይሽ። እኔ ይህን ተቀምጬ አላይም» አሏት። በቃ። ከመድረክ ቀረች።

— እ?… አልሰማሁህም፣ ድገመው… «እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም»? ይህን ለማለት ነው ሥራ አቋርጠህ የደወልከው ኢተፋ?

— አየሁ አልክ? ምን አየህ?… ሁሉም ከሄደ በኋላ ሁለቱ አብረው ሲወጡ። ሦስት ቀን። ዱጋሳ በሩን ሲቆልፍ እሷ ደረጃው ላይ ስትጠብቀው… እህ።

— አልተቆጣሁም። እየሰማሁህ ነው። ይገርመኛል ብቻ፣ ደረጃው ጽሑፉም ላይ አለ።

— ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው። ስምህን ደብቀህ ስትልክ ለሕዝቡ ነው የሚደበቀው። ለአድሚን ይታያል። ስምህም ታየኝ፣ ፎቶህም ታየኝ። ያቺ እኔ የሰፋሁልህን ካባ ለብሰህ የተነሳሃት።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… መኪናው ይሰማኛል፣ እዚያው ነህ። ለማን ነገርሽ አልክ?

— አይ፣ ለማንም አልተናገርኩም። አልናገርምም። ዱሬቲ አታውቅም፤ ክር የላኳት ለዚህ ነው። ክርማ ሞልቶኛል። አድሚን ስሆን ስም አይወጣም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ የጻፍከው ቆሻሻ ቢሆንም ቃሌ ቃል ነው።

— እሱን አውቃለሁ። ሦስተኛው ገቢር ላይ ያለውን ረጅሙን ንግግር ዱጋሳ ካንተ ነጥቆ ለሷ ሰጠ። ከፋህ። ይክፋህ እንጂ፣ አምስት ዓመት የለፋህ ሰው ነህ። ለዱጋሳ «በድለኸኛል» ብትለው እኔ ካንተ ጋር እቆም ነበር። አንተ ግን ንግግሩን ትተህ ልጅቷን ወሰድክ።

— ልምምድ ካለቀ በኋላ ለምን ትቀር ነበር? እሱን እነግርሃለሁ። እሷም «ከስድቡ ይሻላል፣ ንገሪያቸው» ብላ ዛሬ ፈቅዳልኛለች። ዱሬቲ የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛውን አፏን ሞልታ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን ቀስ እያለች ነው የምታነበው። እናንተ ወረቀቱን እያገላበጣችሁ ስትወርዱበት እሷ ታፍራለች። ስለዚህ እናንተ ስትሄዱ ቃለ ተውኔቱን እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ሰምታ ትይዛለች። ዱጋሳ ተቀምጦ ያርማል። አንድ ገጽ ሁለቴ ካነበብኩላት ሦስተኛውን ከኔ አትፈልግም።

— አዎ፣ እኔ። እኔ ነበርኩ መሃላቸው። ያላየኸኝማ በጓሮ በር ስለምወጣ ነው። ሱቄ ከአዳራሹ ጀርባ አይደል? አንተ በፊት በር ቆመህ ሁለት ሰው ቆጠርክ።

— እየሰማሁህ ነው… አይዞህ። ውሃ ጠጣ።

— ምን ልትጽፍ?… ይቅርታ። ጥሩ… ስም ሳትጠቅስ? ኢተፋ፣ አታስቀኝ። ይቅርታ ያለ ስም እንዴት ይሆናል? ማን ነው ይቅር የሚባለው፣ ግሩፑ?

— እሺ፣ በስምህም ጻፈው፣ ደግ ነው። ግን ኦቦ ኦሊቃ ፌስቡክ የላቸውም። እሳቸው ጋ የደረሰው በአፍ ነው፣ የሚነሳላቸውም በአፍ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሁሉንም አትመልሰውም። አባቷን ግን ትመልሳቸዋለህ።

— ነገ ጠዋት። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። በራቸው ድረስ ነው ታዲያ፣ የምትናገረው አንተ ነህ… ሊመቱህ አይመቱህም። ዝም ሊሉህ ግን ይችላሉ፣ ያ ይብሳል። ቻለው።

— ዱጋሳ ያባርረኛል? ሊያባርርህ ይችላል። ይህን አልዋሽህም። እኔ ስምህን ስላላወጣሁ ብትፈልግ ዝም ብለህ መቅረት ትችላለህ። ማንም አያውቅብህም። ልጅቷ በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አንተ ካባህን ለብሰህ ትጫወታለህ። እኔም መድረኩ ጎን ቆሜ አይሃለሁ።

— እሄዳለሁ አልክ?… ደግ። ምን ብለህ ትጀምራለህ? «ዋሸሁ» በል፣ ሌላ ምን አለ። እስቲ በለኝ፣ እኔን እንደሳቸው ቁጠረኝ… አይ፣ አይ። ይህ የመድረክ ድምፅህ ነው። እንዲህ ካልካቸው ተውኔት ልታሳያቸው የመጣህ ነው የሚመስላቸው። ያንተን ድምፅ ነው የምፈልገው… አሁንም አሳመርከው። «ሁኔታው አሳስቶኝ»ን አውጣው፣ ሁኔታው ምን አደረገህ?… አዎ… ቀጥል…

— …

— እ። እንደሱ። እንዲሁ በላቸው፣ ምንም አትጨምርበት… አፍንጫህን ጥረግ።

— መጣች። መንገዱን እየተሻገረች ነው… ለአባቷ ነገ ነው ኢተፋ። ለሷስ?… አንተ ነህ የምትወስነው፣ አላስገድድህም። ከፈለግህ «ሰው ነበር» ብዬ እዘጋዋለሁ… እርግጠኛ ነህ?… እሺ የኔ ልጅ።

— ዱሬቲ፣ ክሩን እዚያ ጣይውና ስልኩን ያዢልኝ። ኢተፋ ነው… እኔ አልነግርሽም፣ ራሱ ይነግርሻል። ተቀመጪ መጀመሪያ።