ባዶ ቤት ውስጥ የሚጸልይ ድምፅ

አርብ ከቀትር በኋላ ነበር። ለሻባት፥ ለቅዳሜው ሰንበት የሚሆነኝን ዳቦና ዓሣ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስገባ፥ ከበላዬ የሚኖሩትን እትዬ ውብዳርን ደረጃው መካከል ቆመው አገኘኋቸው። የገበያ ፌስታላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፥ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ጨብጠው፥ ወደ ላይ ያዳምጣሉ።

«እንደምን ዋሉ፥ እትዬ ውብዳር? ደከመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ። ከሦስተኛው ፎቅ፥ ከገዛ ቤታቸው፥ ከተቆለፈው በር ጀርባ የራሳቸው ድምፅ ይሰማል። «አባት ሆይ! አባት ሆይ!» እያለ ያለቅሳል፥ ይለምናል፥ ያመሰግናል። እሳቸው ግን እፊቴ ከንፈራቸውን ገጥመው ቆመዋል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ደረጃውን ሞልታዋለች፤ ሰውነቴን ግን በዚያ ሙቀት መሐል ብርድ ወረረው።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን በጣሪያዬ በኩል ስሰማው ከርሜአለሁ። እኔ እስራኤል አገር ያቭኔ ከተማ ለአዋቂዎች ዕብራይስጥ የማስተምር፥ ማለዳ ከአልጋዬ ለመነሣት የምለግም ሰው ነኝ። ስለዚህ ሴትዮዋ ሲጸልዩ በሰማሁ ቁጥር ራሴን ስወቅስ ኖሬአለሁ። የሚገርመኝ ነገር ግን ነበረ። ሁልጊዜ በአንዱ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ይስላሉ። ሁልጊዜም «ከእንግዲህ እኔ…» ሲሉ ድምፃቸው በቢላ እንደ ተቆረጠ ቀጥ ይላል። እንባ አንቋቸው ይሆናል እያልኩ አልፈው ነበር።

«መምህር ይሄይስ፥ አይደንግጡ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያችኛዋ ናት።»

«የትኛዋ?»

«ያችኛዋ ውብዳር። ዛሬ ማለዳ ዝም አለች። በቃ ትታኝ ሄደች ብዬ ሳለቅስ አረፈድሁ። ይኸው አሁን ያለ ሰዓቷ ጀመረች። ልገባ ፈልጌ እግሬ እንቢ አለኝ።»

ሴትዮዋ አእምሯቸውን ሳቱ ብዬ ፈራሁ። ወዲያው ከታች የጫማ ኮቴ ተሰማና ሺራን እየሮጠች መጣች። ሺራን የእኅታቸው የእትዬ ታፈሰች ልጅ ናት፤ ገዴራ የምትኖር፥ ነርስነት የምትማር፥ እዚሁ አገር ተወልዳ አንቱታ የሚባለውን ነገር ያላወቀች ልጅ።

«ዶዳ! ስልክሽን ለምን አታነሺም?» አለች አክስቷን ገና ከታች። «እማዬ እሑድ ጠዋት ቀዶ ሕክምና እንዳላት ታውቂ የለም? ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረች። ውብዳር መጥታ ሳትጸልይልኝ አልገባም ብላለች። ያላ፥ ቶሎ በይ፥ የመጨረሻው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሻባት ገባ፥ መሄጃ የለም።» ይህን ብላ ድምፁን ሰማችና አፏን ከፍታ ቀረች። «ቆይ… ውስጥ ማን ነው?»

በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ ውብዳር ቁልፉን ሰጡኝ። የመስኮቱ መከለያ፥ ትሪሱ ወርዷል፥ ቤቱ ጨልሟል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የድምፅ ሳጥን ቀይ መብራት ታበራለች። ከሳጥኗ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ደግሞ ነጭ የጥምቀት ቀሚስ፥ እጅጌው ጭን ላይ እንዳረፈ ሆኖ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ቀሚሱ ከባሕር ከወጣበት ቀን ጀምሮ አልታጠበም፤ ጨው አድርቆታል። ከልቅሶው በስተኋላ የባሕር ማዕበል ይሰማል። እውነቱን ልናገር፥ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ያን ዓሣ ጥዬ እሮጥ ነበር።

ሺራን ትሪሱን ከፍታ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ግድግዳው ላይ የተሰካችውን ክብ ነገር አገኘች። በየቤታችን ያለችው የሻባት ሰዓት ናት። በሻባት መብራት ማብራትና ማጥፋት ስለማይገባ፥ ምግብ ማሞቂያውና አምፖሉ በሰዓታቸው ራሳቸው እንዲበሩና እንዲጠፉ አርብ የምናስተካክላት። እትዬ ውብዳር የድምፅ ሳጥናቸውን በእሷ ላይ ሰክተውታል። ትናንት ሕንጻው መብራት ጠፍቶበት ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ስንቸገር ውለናል፤ ሰዓቷም አብራ ቆማ ያንኑ ያህል ዘግይታለች። የማለዳው ጸሎት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጀመረው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ቢገለጥልኝም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እንዲያውም ባሰብኝ።

«እትዬ ውብዳር፥ ስምንት ወር ሙሉ የሰማሁት ይህን ነው?» አልኳቸው።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ታሪኩን ነገሩን። ከዘጠኝ ወር በፊት፥ ከያቭኔ ወዲያ ባለው ባሕር ዳር ተጠመቁ። በዚህ አገር በኢየሱስ የምናምን ሐበሾች ብዙ አይደለንም፤ ሻባት ሻባት እዚሁ ሰፈር ወንድም ደባሱ ሳሎን ውስጥ እንሰበሰባለን። በዚያ ቀን እኔ ታምሜ ቀርቼ ነበር፤ የነበሩት ግን እንደ ውብዳር የጸለየ ሰው አይተን አናውቅም ብለው ይመሰክራሉ። ደባሱ በስልኩ ቀድቶ ኖሯል፤ በኋላ ለማስታወሻ ብሎ በፍላሽ ሰጣቸው።

«በዚያ ቀን ሰማይ እራሴ ላይ ነበረች» አሉ። «በሦስተኛው ሳምንት ስንበረከክ ምንም የለም። ጋን ያቭኔ ከተማ የምጠርገው ትምህርት ቤት፥ ያልታጠበ ደረጃ፥ የጉልበቴ ሕመም፥ ይኸው ነው ሐሳቤ። እግዜር ያንን ጸሎት ከሰማ በኋላ ይህን ገለባ እንዴት ላቅርብለት? አፈርሁ። ለንጉሥ የሚቀርበው የተሻለው አይደል? የተሻለችው ያችኛዋ ናት። እሷ እንድትጸልይ ሰዓቱን ሞላሁላት፤ እኔ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።»

«አብረው ቁጭ ብለውም አይሰሙ?»

«መጀመሪያ እሰማ ነበር። ኋላ ግን እያስፈራችኝ መጣች። እሷ እዚህ ትኖራለች፤ እኔ ለማደር ብቻ የምመጣ መሰለኝ።»

ከኅብረቱ አምስት ወር የቀሩበት ምክንያትም አሁን ገባኝ። ስንጠይቃቸው «እቤቴ እጸልያለሁ» ይሉን ነበር። እኛም ሞኞች የጣሪያውን ድምፅ ሰምተን አመንን። በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ደረጃ ወጥቼ በር አላንኳኳሁም።

እትዬ ውብዳር ተነሡና ሳጥኗን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ። «ሺራንዬ፥ ይህን ውሰጅላት። ሰዓቱንም ጨምረሽ። አልጋዋ አጠገብ ሰክተሽ ያችኛዋ ትጸልይላት። እኔ ባዶዬን ሄጄ ሞት ከፊቷ የቆመባት እኅቴ ላይ አልቀልድም።»

«ማ ፒትኦም! ምን ማለትሽ ነው!» አለች ሺራን ፊቷ ቀልቶ። «እማዬ የጠየቀችው ሳጥን ነው? አንቺን ነው! ዶዳ፥ ስሚኝ። ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር አለ። ሰው ይታከማል፥ ይድናል፥ እያለቀሰ ዶክተሩን ይስማል፥ ቤቱ ይሄዳል። ከወር በኋላ ቁስሉ ሸቶ ይመለሳል። ለምን? ፋሻ መቀየር አሰልቺ ስለሆነ። የዳነበትን ቀን ፎቶ ግን ስልኩ ላይ አለው፤ ያሳየናል።»

«እኔ ቁስል አይደለሁም፥ ልጄ። እሳት ነበርሁ፥ ጠፋሁ።»

ይህን ጊዜ እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ማስተማር ልማዴ ነውና አይፈረድብኝም። «እትዬ ውብዳር፥ እዚህ አገር የገባን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ምን እንዳደረግን ያስታውሳሉ?»

«ተደፍተን መሬቱን ሳምን።»

«በማግሥቱስ?»

«በማግሥቱማ…» ትንሽ ፈገግ አሉ። «በማግሥቱ ፎርም ነው። ሰልፍ ነው። ዕብራይስጥ መማሪያው ኡልፓን ገብተን አሌፍ፥ ቤት እያልን መንተባተብ ነው።»

«መሬቱን እንደ መጀመሪያው ቀን መሳም ካልቻልሁ አገሬ አይደለም ብሎ አውሮፕላን ማረፊያ የቀረ ሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ክፍሌ ውስጥ የመጀመሪያውን የመንገድ ታፔላ አንብበው ያለቀሱ ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ እርስዎም አንዷ ነዎት። ቋንቋውን የያዙት ግን ያለቀሱት ሁሉ አይደሉም። ሥራ ውለው እያዛጉም ቢሆን በማግሥቱ ማታ የመጡት ናቸው። እርስዎም እያዛጉ መጡ። እኔ አፍሬብዎት አውቃለሁ? ያ የባሕሩ ቀን መግቢያዎ ነበር፤ መኖሪያ አደረጉት።»

እትዬ ውብዳር ወደ ወንበሩ ዞሩ። ዓይናቸው ቀሚሱ ላይ ነው። «ደረቅ ጸሎት ግን ውሸት አይሆንም?» ብለው በቀስታ ጠየቁ። «የማይሰማኝን እያልሁ…»

«የማይሰማሽን ለምን ትያለሽ?» አለች ሺራን። «ደርቄአለሁ በይው! ውሸቱስ ይሄ ነው፤ ሳታለቅሺ ማልቀስሽ።»

ሳጥኗ በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ ሳለች። ያ ሳል የት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከእሱ በኋላ ብዙ አይቆይም። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። «‹ከእንግዲህ እኔ› ካሉ በኋላ ምን ይላሉ?» አልኳቸው በጥድፊያ።

«አላውቅም» አሉ። «ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሞላሁት። መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅ፤ ያልሁትንም አላስታውስ።»

ስምንት ወር ያን የተቆረጠ ቃል ስሰማ የከረምሁት እኔ ነኝና ትዕግሥቴ አለቀ። በሻባት ሰዓቷ ጎን ላይ ያለችውን፥ ሳታቋርጥ እንድትሠራ የምታደርገውን ቁልፍ ገፋኋት። ሳጥኗ «ከእንግዲህ እኔ…» አለች። እትዬ ውብዳር እንደ ልማዱ እንደሚቆረጥ ጠብቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተቆረጠም።

«…ከእንግዲህ እኔ ይህ ሙቀት እንደሚበርድ አውቃለሁ፥ ጌታዬ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ሲበርድም እመጣለሁ። ቃል ባጣ ዝም ብዬ እፊትህ እቀመጣለሁ። ብቻ ሌላ ሰው አልክብህም። እኔው እመጣለሁ።»

ከዚያ ማዕበሉ ብቻ ቀረ። የእርጥብ እግር ኮቴ አሸዋ ላይ ተሰማ፤ እየቀረበ መጣ። ስልኩ ተነሣ፥ ጠፋ።

 ከባሕሩ የወጣችው ሴት እዚያች ክፍል ውስጥ ቆማ የምታየን መሰለኝ። ክፉ አልነበረችም፤ ግን ቃሏን ልትጠይቅ የመጣች ነበረች። እትዬ ውብዳር ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፥ «ላክሁበት» አሉ። «ሌላ አልክብህም ብዬ፥ እሷኑ ላክሁበት።»

ተነሥተው ሳጥኗን ከሶኬቱ ነቀሉ። ቀሚሱን ከወንበሩ አንሥተው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከተቱትና፥ «ያላ፥ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አሉ። ከእሳቸው አፍ ያላ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከገዴራ እስከ ቅዳሜ ማታ መመለሻ እንደሌለኝ እያወቅሁ፥ ዓሣዬን ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ጥዬ አብሬ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ተሳፈርን።

እትዬ ታፈሰች ገዴራ ቤታቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ያዩ ነበር። እትዬ ውብዳር አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከውጭ የሻባት መግቢያ ጥሩምባ ተሰማ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤

«ጌታ ሆይ፥ ውብዳር ነኝ። ከመጣሁ ቆየሁ። ልቤ ደርቋል፥ ታውቀዋለህ። እኅቴ ፈርታለች፤ እኔም ፈርቻለሁ። ከእሷ ጋር ግባ። አሜን።»

ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። እትዬ ታፈሰች ግን በእኅታቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው፥ «አሁን እገባለሁ» አሉ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፤ ነገር ግን ይህን የምጽፈው ስለዚያ አይደለም።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም አንድ ቀን ነበረህ ይሆናል። ጉባኤ ላይ ያለቀስህበት፥ ከውኃ የወጣህበት፥ ሁሉን እተዋለሁ ያልህበት። እግዚአብሔር ስለ ሰጠህ አመስግነው፤ በእሱ ላይ ግን አትተኛበት። በማግሥቱ የሚያስፈልግህ ነገር ትንሽ ነው። አንድ የታወቀ ሰዓት፥ የራስህ አፍ፥ እውነተኛ ቃል፤ ቢደርቅም ይድረቅ። የደረቅህ ዕለት ከወንድሞችህ አትሸሽ፤ ይልቁን ያን ዕለት ሄደህ ደርቄአለሁ በላቸው። እትዬ ውብዳር በተከታዩ ሻባት ደባሱ ሳሎን ገብተው እንዲህ ቢሉ፥ ከተቀመጥነው ዘጠኝ ሰዎች አራቱ «እኔም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን እርስ በርስ እየደወልን እንጠያየቃለን። ጉልበታቸው እንደ ቀድሞው ያማቸዋል፥ ደረጃው እንደ ቀድሞው ይጠረጋል። ሐዘናቸውና ፍርሃታቸው ግን ሰሚ አገኘ፥ ቤታቸውም የራሳቸው ሆነ።

ከገዴራ ተመልሰን፥ ሰኞ ማለዳ አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ነቅቼ ጣሪያዬን አዳመጥሁ። ዝም ያለ ነው። ልቤ ትንሽ ፈራ። ቆይቶ ወንበር ተጎተተ። ዝቅ ያለ፥ የሚቆራረጥ ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉን ለመለየት አልቻልሁም። ከዚያም እትዬ ውብዳር ሳሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፥ ሰምቼው በማላውቀው ቦታ ላይ።

እኔም ተነሥቼ ወንበሬን ሳብሁ።