የጋሽ ሕሩይ አርቪና የቸኮለው ምርቃት

ቅዳሜ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ የጎረቤታችን የጋሽ ሕሩይ እግር ከአዲሱ አርቪያቸው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። አርቪ ማለት አልጋና ምድጃ ያለው የጉዞ መኪና ነው፤ የገዙት ባለፈው ወር ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ስማይርና ከተማ ውስጥ ያለ ክራቫት ታይተው የማያውቁት ሰውዬ በሆዳቸው ተኝተው ማሸጊያ ሲሊኮን ይዘዋል።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

«ያፈሳል ልጄ። ትናንት ዝናቡ ዘውድነሽ ትራስ ላይ ተንጠባጠበ። ‹ሁለተኛ እዚህ ውስጥ አልገባም› አለች።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ጋሽ ሕሩይ ድሮ የደሴ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር የሚይዙ ተማሪ። ሹፌሩ ከመንገዱ ይልቅ መስታወቱን ሲያዩ ተዋደዱ። አርቪው የተገዛው ያንን ጉዞ ለመመለስ ነው፤ አሁን ግን ወንበሩ ባዶ ሊቀር ነው።

«ይውረዱ ጋሼ! ዋራንቲ አለው እኮ፤ ሻጮቹ በነጻ ይጠግኑታል። ራስዎ ከነካኩት ‹አንተ ነህ ያበላሸኸው› ይሉዎታል።»

«የገዛ መኪናዬን? እኔ እኮ ጣርማበር ላይ የነዳጅ ታንከሬ ተቀዶ በልብስ ሳሙና ደፍኜ ደሴ የገባሁ ሰው ነኝ! ማን ዋራንቲ ሰጠኝ? ተሳፋሪው ወርዶ እየዘፈነ ይገፋልኝ ነበር...» ዓይናቸው ርቆ ሄደ።

«ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ግን መኪናውን የሸጠልዎት ዲለር ጋ ደወሉ?»

«አንዴ ደወልኩ፤ ቀጠሮው ሩቅ ነው አሉኝ። ደግሞስ ሻጩ ጨብጦኝ፣ ‹ማይ ፍሬንድ› ብሎኝ፣ እኔም ጣሪያውን እንኳ ሳላይ መርቄው ነው የተለያየነው። የመረቅኩትን ሰው ተመልሼ ልውቀስ? ነውር ነው።»

«አማርኛ አይችል፤ ምኑን እንደመረቁት መች ገባው!»

«አፍሽን!» አሉ ተቆጥተው።

«እሺ ይቅርታ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አውቶቡስዎ ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ዝናብ ሲነካው፣ ባለቤቱ ምን ያደርግ ነበር?»

«ሸራው ሳይፈታ ይጠራኛል። አይቼ እክሰዋለሁ።»

«ራሱ ፈትቶ፣ ቤቱ ወስዶ ቢመለስስ?»

«እሱንማ ‹የት እንዳረጠብከው በምን አውቃለሁ?› ብዬ...»

ሲሊኮኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ሸራውን ልፈታላቸው ነበር በይኛ።»

«የስ!»

«ያን ቀድሞ የጠራኝን ሰው ደግሞ ተቀይሜው አላውቅም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ወረዱ።

ስንጥቁን ፎቶ አንስተን ለዲለሩ በኢሜይል ላክን፤ ምንም ሳንለጥፍ ላስቲክ አለበስነው። ከዚያ ጋሽ ሕሩይ በየሳምንቱ ይደውሉ ጀመር፤ «ደህና ናችሁ? ዛሬም እኔ ነኝ» እያሉ። ትሕትናቸው የዲለሩን ሰዎች ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ቀጠሮውን አቀረቡላቸው።

መኪናው ተሠርቶ ልንረከብ ስንሄድ ጋሼ አልመረቁም። «መጀመሪያ ውሃ!» አሉ። ሠራተኛው በጎማ ጣሪያው ላይ ውሃ ሲያርከፈክፍ እትዬ ዘውድነሽ ከውስጥ «ደረቅ ነው!» ብለው ጮኹ። ያኔ ፈረሙ። ያኔ መረቁ፤ ምርቃቱም ረዘመ።

እንግዲህ እናንተ ትልልቆች፣ ከልጅ አፍም ቢሆን ስሙ፦ አይቶ መረከብ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ጉድለትን ሳይነካኩ አሳይቶ መጠየቅም ነውር የለበትም። ይሉኝታ ጣሪያ አይደፍንም።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዘውድነሽ የፊተኛውን ወንበር ለእኔ ትተው ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ሕሩይ መስታወቱን ወደ እሳቸው አዞሩት።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «መንገዱን!»